የኩርፊያ ምሳ እውነተኛ አመጣጥ

ለሌላው ሰው በስሙ መንገድ ይሰየምለታል፤ አደባባይ ይሰየምለታል። ለእኔ የተሰየመልኝ ምሳ ነው። እሱም ቢሆን በስሜ ሳይሆን በኩርፊያዬ።

ባሕር ዳርን ለማያውቅ ላስረዳ። የዩኒቨርሲቲው ትልቁ ግቢ ወዳለበት ወደ ፔዳ ሄዳችሁ፣ ከየትኛውም ምግብ ቤት ገብታችሁ «አንድ ኩርፊያ!» ብትሉ፣ አስተናጋጁ ማን አስቀየማችሁ ብሎ አይጠይቃችሁም። ትሪ ያመጣላችኋል። በግራ በኩል ሽሮ፣ በቀኝ በኩል የዓሣ ወጥ፣ በመካከላቸው ደግሞ የተጠቀለለ እንጀራ እንደ ግንብ ተጋድሞ ታገኛላችሁ። ግንቡ ላይ የተሰነጠቀ ቃሪያ ካለ «ሽማግሌ» ይባላል። ሽማግሌው ቀድሞ ከተበላ እርቅ የለም ይላሉ ተማሪዎቹ። ተለያይተው አንድ ክፍል ውስጥ ለሚማሩ ፍቅረኞች ደግሞ «እነ እንትና ግንብ ሠሩ» ይባላል። በፍስክ ጊዜ ጥብስና ጎመን ለያይተው «የፍስክ ኩርፊያ» የሚሉም አሉ፤ እነሱን አላውቃቸውም፤ ማወቅም አልፈልግም።

ይህን ሁሉ የጀመርነው እኔና የባሌ እህት ነን። ማለቴ፣ የጀመርሁት እኔ ነኝ። እሷ ያመጣችው ግንቡን ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ ሙሽራ የባሏን ዘመዶች በስማቸው አትጠራም። ገና ከመግባቷ ለያንዳንዳቸው የቁልምጫ ስም ታወጣለች፤ በዚያው ስም ዕድሜ ልኳን ትጠራቸዋለች። እኔም የባሌን ታላቅ እህት «እታለም» አልኋት። የዋህ ነበርሁ። ሰው ሳይጠና ስም ማውጣት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቢያንስ ሁለት ክረምት አብሮ መክረም ያስፈልጋል። አሁን ይኸው፣ ከተናደድሁባት ሴት ሁሉ የበለጠ የምናደድባትን ሴት ዓለሜ ስል እኖራለሁ።

ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲሞት ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ጀርባ ያለች ባለ አራት ጠረጴዛ ምግብ ቤት ለሁለታችን ትቶልን ሄደ። አንድ ማድ ቤት፣ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ሴት። ከመሞቱ በፊት ትንሽ ቢያስብበት ጥሩ ነበር። እታለም ዘጌ የተወለደች የቄስ ልጅ ናት፤ በጾም ዓሣ መብላት ቀርቶ ዓሣ የሚል ሰው አጠገብ ስትቀመጥ ነጠላዋን ትሰበስባለች። እኔ ያደግሁት ከሐይቁ ማዶ ደምቢያ፣ ቆላ ድባ ነው። በእኛ ቤት ዓሣ ማለት ክንፍ ያለው ጎመን ነው፤ ጾሙ ገባ አልገባ ይበላል። በዚህች ከተማ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሐይቁ ካልደረቀ አያልቅም። እኛ ግን በአንድ ማድ ቤት ውስጥ ጨርሰነው ነበር፤ ሽሮው የእሷ፣ ዓሣው የእኔ። እንዳይደባለቅ ብላ ለጭልፋዋ እጀታው ላይ ክር አሰረችለት። ሰው ለልጁ ማተብ ያስራል፤ እሷ ጭልፋ አስጠመቀች።

ከዚያ አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም አንድ ነገር ሆነ። እታለም የዓሣ ጭልፋዬን ከሽሮዋ ድስት ነክረሻል አለችኝ። እኔ ደግሞ ሽሮው እያረረ ስለነበር እጄ ላይ በተገኘው ነገር አማሰልሁት እንጂ ምን አደረግሁ አልሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ትንሽ ነገር ናት። ከዚህ በላይ መናገር አልፈልግም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተነጋገርንም። ግን ምግብ ቤቱ ይሠራል። ተማሪው ይመጣል፤ «ከሁለቱም» ብሎ ያዛል። እሷ ከግራ ትጨምራለች፤ እኔ ከቀኝ እጨምራለሁ። አንድ ቀን እንጀራ ጠቅልላ መሐል ላይ ጣለችበት፤ ወጤ ወደ ወጧ እንዳይሻገር ነው። እኔም ሳልሸነፍ በማግሥቱ ግንቡን በሁለት እንጀራ አደረግሁት። መነጋገር ግድ ሲሆን በደንበኛ በኩል ነበር።

«ልጄ፣ ለዚያች ሴትዮ በርበሬው አልቋል በልልኝ።»

«እማማ፣ በርበሬው አልቋል እያሉ ነው።»

«ያለቀው በሷ እጅ ነው በላት።»

አንዱ የምህንድስና ተማሪ በዚህ ሁኔታ ጉርሻውን እንደያዘ ሃያ መልእክት ያመላለሰበት ቀን አለ። ልጁ ሲመረቅ አምባሳደር ይሆናል ብዬ ነበር። ቀስ በቀስ ተማሪው «ከሁለቱም» ማለት ትቶ «አንድ ኩርፊያ» ማለት ጀመረ። እኛም ሰማን። ምን እንላለን? አላኮረፍንም እንዳንል እየተኳረፍን ነው።

ምግብ ቤቱ በመጨረሻ ተዘጋ። እሷ ወደ ሐይቁ ዳር ሄዳ ሌላ ከፈተች፤ እኔም ዓሣዬን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከተኳረፍን እንዲህ እያልን አሥራ ስምንት ዓመት ሞላን። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ እሷ በድንኳኑ ወዲያ ጫፍ፣ እኔ ወዲህ ጫፍ እንቀመጥ ነበር፤ ሟቹ ግንብ ሆኖ መሐል ይተኛል። ምሳችን ግን እኛን ትቶ ከተማውን ሁሉ ዞረ።

እንዲህ እያለ ነው ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት መምህር በሬን ያንኳኳው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ መነጽር ያደረገ፣ ትሑት ልጅ ነው። የባሕር ዳርን የምግብ ስሞችና የሰፈር አነጋገሮች አመጣጥ እየሰበሰበ በትንሽ መጽሐፍ ሊያወጣ ነው።

«ማን ነው የላከህ?» አልሁት በሩን በግማሽ ይዤ።

«ማንም አልላከኝም፣ እማማ። ስለ ኩርፊያ ነው የመጣሁት።»

«የማንን ኩርፊያ?»

«የምሳውን።»

አስገባሁት። ደብተሩን ገልጦ እስካሁን የሰበሰበውን አነበበልኝ። አንዱ፣ ምግቡ ከመጣፈጡ የተነሣ ያልደረሰው ሰው ስለሚያኮርፍ ነው አለ። ሌላው ደግሞ «ኮርፊያ» የሚባል የጣሊያን መኮንን ነበር፤ የፈጠረው እሱ ነው አለ። ጣሊያን በጠረፍ በኩል ገብቶ ሽሮ ሊሠራልኝ! ሦስተኛውን ሲያነብ ግን ተነሥቼ ቆምሁ።

«በሐይቁ ዳር የሚኖሩ አንድ ወይዘሮ፣» አለ፣ «ጾመኛውና ዓሣ የሚበላው እንዳይጋጩ በማሰብ እኔ ነኝ የፈጠርሁት ብለውኛል። አብሮዎት የሚሠራ ሰው ነበረ ወይ ስላቸው፣ 'አንዲት ዓሣ የምታጥብ ነበረች' አሉኝ።»

ዓሣ የምታጥብ!

ያኔ አፌን አላስቻለኝም። ትሪውን ነገርሁት፣ ግንቡን ነገርሁት፣ መልእክተኛውን የምህንድስና ልጅ ነገርሁት። ለምን እንደተኳረፍን ሲጠይቀኝ «በትንሽ ነገር ተቀያየምን» ብዬ አለፍሁት። ልጁ ጽፎ ጨረሰና ራሱን አከከ።

«እማማ፣ የእርስዎና የሳቸው አይገጥምም። አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ካልነገራችሁኝ በቀር 'ምንጩ አልታወቀም' ብዬ ነው የማልፈው።»

ምንጩ አልታወቀም! እኔ ቁጭ ብዬ፣ እያየሁት፣ እየተነፈስሁ! ከዚያ በኋላ እንቅልፍም ሥራም አልሆነልኝም። ተነሥቼ ግቢውን እዞራለሁ፤ ወደ ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ፤ ከመድረሴ እመለሳለሁ። ቆሮሶ ልጠብስ ዘይት ጥጄ ዓሣውን ረስቼው ዘይቱን ብቻ ስጠብስ ዋልሁ። ከእታለም ጋር ካልተቀመጥሁ ስሜ የለም፤ ከተቀመጥሁ ደግሞ ጭልፋው አለ። በመጨረሻ ለመምህሩ ደወልሁለትና «ቀጠሮ ያዝ» አልሁት።

በባጃጅ ወደ ቤቷ ሄድን። እታለም በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀናለች፤ አላረጀችም፤ ያም አናደደኝ። መምህሩ መሐላችን ተቀመጠ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገ፣ የመቅረጫው ቀይ ነጥብ በራች።

«እሺ፣ ከማን እንጀምር?» አለ።

«ለሴትዮዋ ንገራት፣» አለች እታለም ወደ ሐይቁ እያየች፣ «እንግዳ እሷ ናት፣ ትጀምር።»

«እማማ፣ እንግዳ ስለሆኑ እርስዎ ይጀምሩ እያሉ ነው።»

«ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ አላኮረፈም። በዕድሜ ትልቋ እሷ ናት፣ ትጀምር በላት።»

«የምንበላለጠው በሁለት ዓመት ነው በላት።»

«በሰባት ነው በላት።»

«በሰባት ነው ይላሉ» አለ ልጁ።

«ሰምቻለሁ!» አለች።

ምስኪን፣ ከመምህርነት ወደ ጥቅል እንጀራነት ሲወርድ አየሁት። ግንቡን ማን ጣለው፣ እንጀራው አንድ ነበር ሁለት፣ ስሙን መጀመሪያ ያወጣው የምህንድስናው ልጅ ነው ወይስ አንድ የሕግ ተማሪ፤ ሁሉንም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያሻግር ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ እታለም ሻሿን አስተካከለችና «ስሙን ለሷ እተውላታለሁ በላት» አለች።

ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳብሁ።

«ኩርፊያን የጀመረች እሷ ናት ብዬ እዚህ መቅረጫ ላይ እናገራለሁ። እኔ ግንብ ሠሪ እባላለሁ። ግን መጀመሪያ የጭልፋውን ትናገር በላት።»

«የምን ጭልፋ?» አለ መምህሩ። ደብተሩን ገለበጠ። ጭልፋ የሚባል ነገር አልጻፈም።

«ሽሮው እያረረ ነበር በላት» አልሁ።

«ሽሮው እያረረ ነበር ይላሉ።»

«ከእሳት አውርጄው ነው የወጣሁት በላት።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «ከእሳት አውርደውት ነው የወጡት ይላሉ» አለ፤ ከዚያም መልሴን ሊወስድ ጠበቀ። ምን እንደተሸከመ አያውቅም። ከሐይቁ ላይ የጀልባ ሞተር ድምፅ ይሰማል፤ እኔ ሞተሩ እስኪያልፍ ጠበቅሁ፤ አለፈ፤ ሌላ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

«አላረረም ነበር በላት» አልሁ።

«አላረረም ነበር ይላሉ።»

እታለም ዓይኗን ጨፈነች። «ትድገመው በልልኝ።»

«ይድገሙት ይላሉ።»

«አላረረም! ከእሳት ወርዶ፣ ክዳኑ ተከድኖ፣ አርፎ ተቀምጦ ነበር!» አልሁ። ከጀመርሁ ደግሞ ማቆም አቃተኝ። ያን ዕለት ጠዋት እንግዶች ፊት «የሷ ዓሣ ጭቃ ጭቃ ይላል» ብላ ነበር። ረፋዱን ሙሉ ያ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆመ። ለቅዳሴ ስትሄድ ጠብቄ፣ ክዳኑን አንሥቼ፣ ጭልፋዬን ከነወጡ ነከርሁት። አንዴ አዞርሁት። መልሼ ከደንሁት። እሷ ከቅዳሴ ስትመለስ ደግሞ ብቻዋን አልነበረችም፤ ከዘጌ በጀልባ የመጡ ሽማግሌ አጎቷን፣ አባን፣ ይዛ ነው። ማን እንደሆኑ አልነግራችሁም፤ ዘጌ ውስጥ አባ የሚባል ብዙ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው የዋሉ ሰው ናቸው። ከሽሮው በሉ። «ውድ ልጄ፣ ዛሬ እጅሽ ተባርኳል» አሉና አስጨመሩ። ከትሪው ዳር ነጭ የዓሣ አጥንት ያየችው እታለም ናት። አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችውና ጨመረችላቸው። ብትነግራቸው ኖሮ ያ ሽማግሌ ዳግመኛ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ይህን ደግነቷን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኋትም።

ይህን ሁሉ ለቀይዋ ነጥብ ተናገርሁ። መምህሩ ዓይኑ በርቷል፤ ሰው ሀብት ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚሆነው። «እንዴ፣ ይሄማ ምርጥ ነው!» አለ።

«አጥፋው» አለች እታለም።

«ምን አሉ?»

«አጥፋውና ደምስሰው። እዚያ ውስጥ አባ አሉበት። ጾማቸውን እንደ ጠበቁ ነው ያረፉት። ዘጌ ይህን ቢያነብ፣ ሰባት ትውልድ ዓሣ ዓሣ እንደሸተተ ይኖራል።» ከዚያም ወደ እኔ ዞረች፤ ወደ ልጁ ሳይሆን ወደ እኔ። «አንቺ፣ ምን ታዪኛለሽ? ሌላ ነገር አምጪ እንጂ!»

በአሥራ ስምንት ዓመት መጀመሪያ የነገረችኝ ቃል ይህ ነው፤ ሐሰት አምጪ።

አመጣሁ። በጣም ስለምንዋደድ አንድ ትሪ ላይ ካልበላን አይሆንልንም ነበር አልሁ። እሷ ጾመኛ ስለሆነች ለእሷ ክብር ስል ግንቡን እኔ ሠራሁላት አልሁ። «ግንቡን እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች። «ይሁን፣ አብረን ጠቀለልነው» አልሁ። «ስሙስ?» አለች። «የምንኳረፍ መስለን ደንበኞቹን እናስቅ ነበር።» «እሱ ጥሩ ነው፤ ታዲያ እየሳቅን ነው በይ፤ እያለቀስን አታድርጊው።» መምህሩ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን እያየ አፉን ከፍቶ ይጽፋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያማረ ሐሰት ሠርተን ጨረስን። ልንለያይ ስንል አልተሳሳምንም። «በሩን ሳብ አድርጊው» ብቻ አለችኝ።

መጽሐፉ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ነው መከራዬ የጀመረው።

አሁን ኩርፊያ የፍቅር ምሳ ሆኗል። ሙሽሮች በመልስ ማግሥት ያዙታል። ባልና ሚስት የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ከእርቁ በኋላ «አንድ ትልቅ ኩርፊያ ለሁላችንም» ይላሉ። ፔዳ ያለ አንድ ምግብ ቤት ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው በትሪ ላይ ሲስቁ ግድግዳው ላይ አሥሏል። ወፍራሟ እኔ ነኝ። ያን ሥዕል ባየሁ ቀን አስተናጋጁን ጠራሁት።

«ልጄ፣ ይህ ውሸት ነው። ተኳርፈን ነበር፤ የእውነት ኩርፊያ።»

«ማዘር፣ ይሄ እኮ በመጽሐፍ የወጣ ነው» አለኝ።

«ሴትዮዋ እኔ ነኝ!»

ሥዕሉን አየ፤ እኔን አየ። «ሥዕሏ ትስቃለች እኮ» አለኝ።

ሌላ ምግብ ቤት ገባሁ፤ ከዚያም ሌላ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጥርሴን ነክሼ የያዝሁትን ጭልፋ በየጠረጴዛው መናገር ጀመርሁ። ሰዉ ይስቃል፤ ሻይ ይጋብዘኛል። ለመምህሩ ደወልሁለት፤ «እማማ፣ ሁለታችሁም የተስማማችሁበት እኮ ነው ያወጣሁት» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ለንስሐ አባቴ ሄጄ ተንበርክኬ ነገርኋቸው። ያን የመሰለ ኃጢአት ይዤ ስቀርብ ምን ቀኖና ይሰጡኝ ይሆን ብዬ ስግደቱን አስቀድሜ እቆጥራለሁ። እሳቸው መጽሐፉን አንብበውታል፤ ፈገግ አሉና «ልጄ፣ መልካም ሥራሽን ለመሰወር ብለሽ ነው፤ ትሕትናሽን አየሁት» ብለው ባርከው ሰደዱኝ። አንዲት ስግደት እንኳ አላዘዙኝም!

በዚህ ከተማ ጭልፋውን እንደነከርሁ የሚያምነኝ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው።

ሄድሁ። እታለም በሩን ከፈተች፤ ምን ፈለግሽ አላለችም። «ሽሮው አላረረም ነበር እኮ» አልኋት። «አውቃለሁ፤ ግቢና ቁጭ በይ፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አለች። ነገርኋት። «አባ ስንቴ አስጨመሩ?» ትለኛለች። «ሁለቴ» እላለሁ። «ሦስቴ ነው» ትላለች። ትናደዳለች፣ እናደዳለሁ፣ ትሰድበኛለች፣ ደረቴ ይቀልለኛል። እንዲህ እያልን በሳምንት ሁለት ቀን ሆነ። የምትወደው ቦታ ላይ ስደርስ እጇን አንሥታ ታስደግመኛለች። ታረቅን ማለት አይደለም፤ እንዳይመስላችሁ። የምሄደው እውነቱን የሚሰማኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ያለፈው ሳምንት ግን ተናግሬ ስጨርስ እንደ ወትሮው አልተሳደበችም። ጣቷን በጣቷ እያሻሸች ወደ ሐይቁ አየች።

«እሱስ ይሁን፣» አለች ረጋ ብላ፣ «የሰሙነ ሕማማቱን መቼ ነው የምትነግሪኝ?»

«የምን ሰሙነ ሕማማት?» አልኋት።

«እንዲያው ነው» አለች።

ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ያን ሳምንት እንግዳ አልነበረም፤ አባም አልመጡም። ከዚያ ድስት የቀመሰች እሷ ብቻ ነበረች። በዚያ በሁለተኛው ጊዜ አጥንቱን አንድ ባንድ ለቅሜ ነው ጭልፋዬን የነከርሁት፤ ምልክት አልነበረውም፤ እንዴት ልታውቅ ቻለች? ካወቀችስ እንዴት ጨርሳ በላችው?

እነሆ አምስት ቀኔ። መቀመጥ አልቻልሁም። ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ እስከ በር ሄጄ ተመለስሁ፤ አወለቅሁት። እኩለ ቀን ላይ ለበስሁ፤ አወለቅሁት። አሁን ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፤ ወደ እታለም የሚወስደኝ ባጃጅ ደጅ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል።